ምዕራፍ 4፦ «ጨጓራዬ ነው»

ታኅሣሥ ነበር፤ የነቢያት ጾም አጋማሽ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሥራ ስረከብ የሌሊቱ ተረኛ ሐኪም ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡትን እናት እየጠቆመኝ «እሳቸው ጨጓራ ናቸው፤ መድኃኒት ጽፌላቸዋለሁ፣ ልጃቸው እስክትመጣ ነው የሚጠብቁት» አለኝ። ሌሊቱን ቁጭ ሳይል ያደረ ሰው ነው። ሁለት የመኪና አደጋና በአስም የታፈነ ሕፃን ተቀብሎ ነው ያነጋው። እናቲቱም ገና ከበሩ «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ብለው ነው የገቡት። እሳቸው ያሉትን ካርዱ ላይ አሰፈረ።

እኔን ያስቆመኝ ነጠላቸው ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ነርሶቹ ከጋውናቸው ላይ ሹራብ ደርበዋል። እሳቸው ግን በነጠላቸው ጫፍ ግንባራቸውን ይጠርጋሉ። ጥቂት ቆይተው አንገታቸውን። ደግሞ ግንባራቸውን።

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«እማማ፣ እንዴት አደሩ? ምን ይሰማዎታል?»

«ጨጓራዬ ነው ልጄ። ጾሙ አልስማማኝ አለ። ተልባም ጠጣሁበት፣ እንቢ አለኝ።»

«ጨጓራ የሚለውን ለጊዜው እንተወውና የሚሰማዎትን ብቻ ይንገሩኝ።»

ዝም አሉ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው ደረታቸው መሐል ላይ አሳረፉት። «እንዲህ ጨምድዶ ይይዘኛል።»

ሕመሙን ያሳዩኝ በጣት ሳይሆን በጡጫ ነው። ሐኪሞች ለዚህ ጡጫ ስም አላቸው፤ በቦስተን ይሠራ በነበረው የልብ ሐኪም በሳሙኤል ሌቪን ስም «የሌቪን ምልክት» ይሉታል። ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ሳያሳዩት ልባቸው የታመመ ብዙ ናቸው፤ አሳይተውት ልባቸው ጤነኛ የሆነም አሉ። ለእኔ ግን ወሬውን እንደ አዲስ እንድጀምር በቂ ነበር።

ደረቱን አሞት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣ ሰው ከዚያ በኋላ የሚደረግበት ነገር ግራ ያጋባዋል። አንዱ በ20 ደቂቃ ይሸኛል፤ ሌላው «ተሽሎኛል» እያለ እስከ ማታ ይያዛል፣ ደሙ ሁለቴ ይቀዳል፣ ደረቱ ላይ ገመድ ሦስቴ ይለጠፋል። ቤተሰብ ይቆጣል፤ ገንዘብም ይወጣል። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው አስተሳሰብ ግን ከባድ አይደለም። ማንም ሊከተለው ይችላል፤ ቢከተለውም ደግ ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን መረጃ የሚሰጠው በሽተኛው ራሱ ነው።

በእኛ ዘንድ ጨጓራ የአንድ የሰውነት ክፍል ስም ብቻ አይደለም። ከእምብርት በላይ፣ ከአንገት በታች ለሚሰማ ሕመም ሁሉ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ መልስ ሆኗል። ቃሩም ጨጓራ ነው፣ ማቅለሽለሹም፣ የሆድ መነፋቱም፣ ጭንቀቱም። ጨጓራ ካልሆነ ብርድ ነው፤ ብርድ ካልሆነ ምች፤ ጎንን ሰቅዞ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ውጋት። ቃላቱ ከነመድኃኒታቸው ነው የሚመጡት፤ ለጨጓራ ተልባ ወይም ከፋርማሲ የሚገዛ ኦሜፕራዞል፣ ለምች ዳማከሴ፣ ለብርድ ትኩስ ነገር ጠጥቶ ተከናንቦ መተኛት። በዚህ አገር ጨጓራውን የሚያመው ሰው በእውነትም እጅግ ብዙ ስለሆነ ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሰምራል። ችግሩ ቃሉ ከተነገረ በኋላ ማንም ሌላ ጥያቄ አለመጠየቁ ነው። በሽተኛውም ያመነበት፣ ቤተሰቡም የተስማማበት፣ ሐኪሙም ደክሞት የተቀበለው ስም ካርዱ ላይ ይሰፍርና ነገሩ በዚያው ይዘጋል።

«ልብ» የሚለው ቃልም የራሱ ጣጣ አለው። አማርኛ ተናጋሪ «ልቤን አቅለሸለሸኝ» ሲል የሆዱን ነገር መናገሩ ነው፤ «ልቤን ሰበረው» ሲል ሐዘኑን። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ሆስፒታል በአስተርጓሚ የሚያወራ ወገናችን እንዲህ ያለውን አነጋገር ቃል በቃል ሲተረጉሙለት የሆድ ነገር የልብ፣ የልብ ነገር የሐዘን ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ አገር ቤትም ሆነ ውጭ፣ ሐኪም ፊት የሚጠቅመው የበሽታውን ስም ሳይሆን የስሜቱን ዓይነት መናገር ነው። ይጫናል? ይወጋል? ያቃጥላል? ይቀዳል? ጨምድዶ ይይዛል? አማርኛ ለሕመም ከበቂ በላይ ግሦች አሉት፤ እነሱን መጠቀም ነው።

ለመሆኑ ጨጓራና ልብ እንዲህ የሚምታቱት ለምንድን ነው? አንጎል ቆዳን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ጣትህን እሾህ ቢወጋህ ዓይንህን ጨፍነህም ቦታውን ትነግራለህ። የውስጥ አካልን ግን የሚያውቀው በሰፈር ብቻ ነው። ከልብ ጡንቻ ሕመም ይዘው የሚነሱት ነርቮች ወደ አከርካሪ የሚገቡት ከደረትና ከግራ ክንድ ውስጠኛ ጎን የሚመጡት ነርቮች በሚገቡበት በር ነው። የምግብ ቧንቧውም ነርቮች እዚያው አካባቢ ይገባሉ። አንጎል መልእክቱ ከየት ቤት እንደተላከ መለየት ያቅተውና ክንዱን፣ ትከሻውን፣ መንጋጋውን፣ የሆዱን አፍ ያመኛል ይላል። በዚያ ላይ የልብ የታችኛው ግድግዳ ያረፈው ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ ላይ ነው፤ ከጡንቻው ሥር ደግሞ ጨጓራ አለ። የልብ ታችኛው ግድግዳ ደም ሲያጥረው ሰው የሆዱን አፍ ይይዛል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል። «ጨጓራዬ ነው» ቢል ምን ይፈረድበታል?

ወደ እማማ ልመለስ።

«መቼ መቼ ነው የሚይዝዎት?»

«ወደ ቤተ ክርስቲያን ዳገቷን ስወጣ። ቆም ስል ይለቀኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከኅዳር ጽዮን ወዲህ። ዛሬ ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ልብሴን እስክለብስ አልለቀቀኝም።»

ጨጓራ ዳገትና ሜዳ አይለይም። ሲሠራ የሚይዝ፣ ሲያርፍ የሚለቅ ሕመም ከሁሉ በፊት ልብን ያስጠረጥራል። ይህን በጽሑፍ ግልጽ አድርጎ ያሳየን እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1768 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ለለንደን የሐኪሞች ኮሌጅ ስለ አንድ እንግዳ የደረት ሕመም ጽሑፍ አቀረበ። ሲራመዱ፣ ይልቁንም ዳገት ሲወጡና ምግብ በልተው ሲሄዱ የሚይዝ፣ ቆም ሲሉ እልም ብሎ የሚጠፋ ሕመም ነው። ከማነቅ ጋር በተያያዘ የላቲን ቃል አንጃይና ብሎ ሰየመው። ሄበርደን የልብ ደም ሥሮች መጥበባቸውን አያውቅም። የልብን ኤሌክትሪክ የሚያነበው ኢሲጂ የለውም፤ የሐኪም ማዳመጫ እንኳ የተፈለሰፈው በ1816 ነው። በሽተኞቹን እየጠየቀ ከልቡ ማዳመጥ ብቻ ነበር ሥራው። ከ250 ዓመት በኋላ እማማ በራሳቸው አንደበት፣ ዳገቷን ጨምረው፣ ያንኑ ነገሩኝ።

ሦስት ሳምንት በዳገት ብቻ ሲይዝ የነበረ ሕመም ዛሬ ተኝተው ሳለ መጣ። ይህ ለውጥ ያስፈራል። የደም ሥሩ እየጠበበ፣ ምናልባትም ደም እየረጋበት ነው ማለት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው አስተሳሰብ ለተራው ሰው የተገላቢጦሽ ይመስላል። በሌላው ጊዜ ሐኪም አስቀድሞ የሚያስበው በብዛት የሚታየውን በሽታ ነው። ደረት ሲያም ግን መጀመሪያ የሚታሰበው የሚገድለው ነው፤ ምንም ያህል ጥቂት ሰው ላይ ቢታይ። ደረቱን አሞት ከሚመጣው ሕዝብ አብዛኛው ልቡ ጤነኛ ነው፤ ጡንቻው፣ የጎድን አጥንቱ መገጣጠሚያ፣ ጨጓራው ወይም ጭንቀቱ ነው የሚያመው። እነዚህ እስከ ነገ ይጠብቃሉ። የማይጠብቁት ጥቂት ናቸው።

አንደኛው ሃርት አታክ የምንለው ነው፤ የልብን ጡንቻ የሚመግበው ደም ሥር ተደፍኖ ጡንቻው መሞት ሲጀምር። ሁለተኛው የትልቁ ደም ሥር፣ የአዎርታ፣ ግድግዳ መተርተር ነው። ይህኛው ቀስ ብሎ አይመጣም፤ በአንድ ቅጽበት፣ ከመጀመሪያው በሙሉ ኃይሉ፣ እንደሚቀድ ሆኖ ይጀምርና ብዙ ጊዜ ወደ ጀርባ ይሄዳል። ለዚህ ነው የደም ግፊት በሁለቱም ክንድ የሚለካው። በቀኝና በግራ ትልቅ ልዩነት ከታየ፣ ወይም የአንዱ እጅ ትርታ ከደከመ፣ ሐሳቡ ይቀየራል። እዚህ ላይ መሳሳት ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ ለሃርት አታክ የሚሰጠው ደም አቅጣኝና የረጋ ደም አሟሚ መድኃኒት አዎርታው ለተተረተረ ሰው ሞት ሊሆን ይችላልና።

ሦስተኛው ከእግር ተነሥቶ ሳንባ ውስጥ የሚሰነቀር የረጋ ደም ነው። በቅርቡ የወለደች፣ እግሩ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ የከረመ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ረጅም መንገድ ቁጭ ብሎ የተጓዘ ሰው ድንገት ትንፋሽ ሲያጥረው መጠርጠር አለበት። አንድ እግሩ ከሌላው ካበጠ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል። አየር አምልጦ ሳንባን ሲጨብጠውም እንዲሁ ድንገተኛ ነው፤ በማዳመጫ አንዱ ጎን ጸጥ ይላል። ከኃይለኛ ትውከት በኋላ የምግብ ቧንቧ መቀደዱ እጅግ ብርቅ ነው፤ ግን ጊዜ አይሰጥም። በእኛ አገር የምጨምረው በልብ ከረጢት ውስጥ የሚጠራቀም ፈሳሽን ነው። ከተለመዱ ምክንያቶቹ አንዱ ሳንባ ነቀርሳ ነው። በሽተኛው ሲጋደም ይብስበታል፣ ወደፊት ጎንበስ ብሎ ሲቀመጥ ይሻለዋል፤ የአንገቱ ደም ሥር ተወጥሮ ይታያል። ፈሳሹ ሲበዛ ልብን አፍኖ ይይዛል።

እነዚህን ሁሉ በአእምሮ ለማሳለፍ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የእማማ ግፊት በሁለቱም ክንድ እኩል ነበር፤ ከፍ ያለ ቢሆንም። ሁለቱም ሳንባ ጥሩ ይተነፍሳል። እግራቸው አላበጠም። ስኳርና ግፊት አለባቸው፤ የግፊት መድኃኒታቸውን «ጾም ሲገባ» አቋርጠውታል። ይህንን የነገሩኝ በሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ በመጀመሪያው «የምወስደው የለም» ነው ያሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ያን ሰሞን አይወስዱም።

ከዚያ ኢሲጂ። ደረቱን ያመመው ሰው በገባ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ተነሥቶ በሐኪም መታየት አለበት፤ በ2021 የወጣው የአሜሪካ የልብ ማኅበራት መመሪያም ይህንኑ ይላል። እማማ አግዳሚው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጠዋል። ያ ሰዓት የጠፋው ማሽን ጠፍቶ አልነበረም፤ ማሽኑ ከአግዳሚው አሥር እርምጃ ላይ ቆሟል። የጠፋው ካርዱ ላይ ከተጻፈው ቃል የተነሣ ነው።

ይህ በአንድ ጋሪ የሚገፋ መሣሪያ ሲጀመር 270 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ኔዘርላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን የሠራውን ለማሠራት አምስት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ በሽተኛው ሁለት እጁንና አንድ እግሩን የጨው ውኃ ባለባቸው ባልዲዎች ውስጥ ይነክራል። ባልዲዎቹ ቀርተው የሚለጠፍ መጣ፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። በ1924 ለአይንትሆቨን የኖቤል ሽልማት አሰጥቶታል። መሣሪያው ልብ በየምቱ የምታመነጨውን ጥቂት ኤሌክትሪክ ከተለያየ ማዕዘን ያነባል። በግራ መስኮት አይቶ የግራውን ግድግዳ፣ ከታች አይቶ የታችኛውን እንደማንበብ ነው። አንዱ የልብ ግድግዳ ደም ካጣ በዚያ በኩል ያለው መስመር ይዛባል።

ሰው ስለ ኢሲጂ የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ፎቶግራፍ መሆኑን። የአሥር ሰከንድ ፎቶግራፍ ነው። ደም ሥሩ ሊከፈትና ሊዘጋ፣ ሕመሙ ሊመጣና ሊሄድ ይችላል፤ በተነሣበት ቅጽበት መልካም ከነበረ መልካም ይወጣል። የልብ ጀርባና የቀኝ ጎንም በተለመደው አለጣጠፍ በደንብ አይታዩም፤ ተለጣፊውን ወደ ጀርባና ወደ ቀኝ ደረት ማዞር ያስፈልጋል። ስለዚህ «ኢሲጂህ ጥሩ ነው፣ ሂድ» የሚባል ነገር የለም። ታሪኩ የሚያጠራጥር ሰው ኢሲጂው ጥሩ ከሆነ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገማል፤ ሕመሙ ሲመለስ ደግሞ ወዲያው።

የእማማ የመጀመሪያ ኢሲጂ ሁለት ቦታ ላይ ጠፍጠፍ ያለ ሞገድ ብቻ ነበረው። ማንም ላይ ሊታይ የሚችል ነው።

አስፕሪን እንዲያኝኩ ሰጠናቸው። «ጨጓራ ያለበት ሰው አስፕሪን ይወስዳል እንዴ?» ብለው ተቃወሙ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ነገር ግን በ1988 በታተመው ታላቅ ጥናት፣ ሃርት አታክ ሳይዛቸው አይቀርም በተባሉ 17,187 ሰዎች ላይ፣ አስፕሪን ብቻውን በአምስት ሳምንት ውስጥ የሚደርሰውን የልብና የደም ሥር ሞት በ23 በመቶ ቀንሷል። የአንድ ቀን የጨጓራ መቃጠል ከዚህ ጋር አይወዳደርም። የማይሰጠው አለርጂ ላለበት፣ ደም ለሚፈስሰውና አዎርታው ለሚያጠራጥር ሰው ነው፤ የሁለቱ ክንድ ግፊት አስቀድሞ የተለካው ለዚህም ነበር።

ደም ተቀዳ። የሚፈለገው ትሮፖኒን ነው፤ በልብ ጡንቻ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ሲሆን ጡንቻው ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል። ለመፍሰስ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሕመሙ በጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተቀዳ ደም ንጹሕ ሊወጣ ይችላል፤ ጉዳቱ ገና አልተነበበም። ደሙ ሁለቴ የሚቀዳው ለዚህ እንጂ ላቦራቶሪው ስለተሳሳተ ወይም ሆስፒታሉ ገንዘብ ስለፈለገ አይደለም። የሚፈለገው ቁጥሩ ብቻም አይደለም፤ መውጣት መውረዱ ነው። ኩላሊቱ በደከመ ሰው ትሮፖኒን ዘወትር ከፍ ብሎ ሊኖር ይችላል፤ በሳንባ ውስጥ የረጋ ደምም፣ የልብ ጡንቻ ቁስለትም ከፍ ያደርገዋል። በሁለቱ የደም ናሙናዎች መካከል ከተነሣ ግን የዛሬ ነገር ነው።

ውጤቱን እየጠበቅን ሳለ የኔዘርላንድ ሐኪሞች በ2008 ባወጡት መለኪያ እማማን መዘንኳቸው። አምስት ነገር ይታያል፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣል። ታሪኩ፣ ኢሲጂው፣ ዕድሜው፣ አጋላጭ ነገሮቹ፣ ትሮፖኒኑ። የእማማ ታሪክ በጣም ያስጠረጥራል፤ 2። ኢሲጂው ጠፍጠፍ ብሏል፤ 1። ዕድሜያቸው 58፤ 1፤ 65 ቢሞላ 2 ይሆን ነበር። ስኳርና ግፊት፤ 1። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 የመጣው የመጀመሪያ ትሮፖኒን ንጹሕ ነው፤ 0። ድምሩ 5። በዚያው አገር በአሥር ሆስፒታሎች 2,440 በሽተኞች ላይ ሲፈተን፣ ከ0 እስከ 3 ካገኙት በስድስት ሳምንት ውስጥ ከባድ የልብ አደጋ የደረሰባቸው 1.7 በመቶ ናቸው፤ ከ4 እስከ 6 ካገኙት 16.6 በመቶ፤ 7 እና ከዚያ በላይ ካገኙት ግማሽ ያህሉ። እማማ ከስድስቱ አንዷ የምትጎዳበት ክፍል ውስጥ ናቸው። ኢሲጂያቸውም ደማቸውም «ደህና» እያለ ወደ ቤት የማይሰደዱት በዚህ ምክንያት ነው። ከአምስቱ የበለጠውን ነጥብ ያመጣው ማሽን አይደለም፤ ዳገቷ ናት።

ይህን መለኪያ የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ትሮፖኒን በማይሠራበት ጤና ጣቢያ እንኳ አብዛኛው ክፍሉ በእጅ አለ። መጠየቅ፣ ዕድሜን ማወቅ፣ ስኳርና ግፊትን መለካት የትም ይቻላል። ኢሲጂ የሌለው ጤና ጣቢያ ታሪኩ ያስጠረጠረውን ሰው አስፕሪን ሰጥቶ፣ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ጽፎ በቶሎ ቢልከው ትልቁን ሥራ ሠርቷል።

አሁን ወደማልረሳው ነገር ልምጣ። በተለማማጅነቴ ዘመን አንድ የ50 ዓመት ሹፌር ደረቱን አቃጥሎት መጣ። የጨጓራ ሽሮፕ ሰጠሁት። በሩብ ሰዓት ውስጥ «ለቀቀኝ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። መልቀቁን እንደ ማስረጃ ቆጥሬ ሸኘሁት። በማግስቱ ምሽት በስትሬቸር መለሱት፤ የልቡ ግማሽ ግድግዳ መንቀሳቀስ አቁሞ ነበር። ተርፏል፤ ከዚያ በኋላ ግን መኪና አልነዳም። ስህተቱ የእኔ ነበር። የልብ ሕመም በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ሽሮፑ የሚመሰገነው ሰዓቱ ገጥሞ ነው። ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪንም ቢሆን ፈራጅ አይሆንም። በ2003 በታተመ ጥናት ከ459 በሽተኞች መካከል የልብ ደም ሥራቸው ከታመመው 35 በመቶው በናይትሮግሊሰሪን ተሽሏቸዋል፤ ካልታመመው ደግሞ 41 በመቶው። ልብ በሉ፣ ጤነኞቹ ይበልጥ ተሽሏቸዋል። መድኃኒት ሰጥቶ «ከተሻለው እንዲህ ነው» ማለት በደረት ሕመም አይሠራም።

ልብን ከጥርጣሬ የሚያርቁ ምልክቶች የሉም ማለቴ አይደለም። በአንዲት ጣት የሚጠቆም፣ እንደ መርፌ ወግቶ በሰከንዶች የሚያልፍ፣ ሲተነፍሱ ወይም ሲዞሩ የሚብስ፣ ሲጫኑት ያው ሕመም የሚመለስ ከሆነ የልብ የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል። ውጋት የምንለው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ወገን ነው፤ ትኩሳትና ሳል ካለው ደግሞ የሳንባ ምች ወይም የሳንባ ሽፋን መቆጣት ይሆናል። አንድ ጎንን በመቀነት መልክ የሚያቃጥል ሕመም ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ካወጣ አልማዝ ባለጭራ ነው፤ ሽፍታው እስኪወጣ ስንቱ ስለ ልቡ ተጨንቋል! ጭንቀት ራሱ ደረትን በእውነት ያማል፤ ግን ይህ ስም የሚሰጠው የሚገድሉት ከታዩ በኋላ ነው፣ በፊት አይደለም።

የሚሸኙትስ እነማን ናቸው? በ2000 በታተመ የአሜሪካ ጥናት በአሥር ሆስፒታሎች 10,689 በሽተኞች ታይተዋል። ሃርት አታክ የያዛቸው 889 ሲሆኑ 19ኙ ወደ ቤታቸው ተልከዋል። የልብ ሕመማቸው ሳይታወቅ የመሸኘት ዕድላቸው ከፍ ያለው ከ55 ዓመት በታች የሆኑ ሴቶች፣ ነጭ ያልሆኑ ሰዎች፣ ከደረት ሕመም ይልቅ ትንፋሽ አጠረኝ ብለው የመጡና ኢሲጂያቸው ጤነኛ የመሰለ ናቸው። ስኳር ያለባቸውና አረጋውያንም ሕመሙ ጎልቶ ላይሰማቸው ይችላል፤ ድካም፣ ላብና ማቅለሽለሽ ብቻ ይዞ ይመጣል። የ2021 መመሪያ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሕመም «ያልተለመደ ዓይነት» ማለት እንዲተዉ የጠየቀው ለዚህ ነው። ላልተለመደ ነገር ሰው ትኩረት ይነፍጋል። ለእነዚህ ሰዎች ግን የተለመደው እሱ ነው።

3 ሰዓት ከ35 ሲሆን ነርሷ ጠራችኝ። እማማ እንደገና ደረታቸውን ጨብጠዋል፤ አስመልሷቸዋል። ኢሲጂውን በዚያው ቅጽበት አነሣን። ከታች በኩል በሚያዩት በሦስቱም መስመሮች ላይ ሞገዱ ድንኳን ሠርቶ ተነሥቷል። የልብ የታችኛው ግድግዳ፣ ከጨጓራ በላይ ያረፈው። ተለጣፊዎቹን ወደ ቀኝ ደረት አዙረን ደገምነው። የልብ ቀኝ ክፍል አብሮ ከተጎዳ ናይትሮግሊሰሪን ግፊትን ድንገት ሊጥለው ይችላልና ሳያዩ መስጠት አይገባም።

ከዚህ በኋላ ነጥብ መቁጠር የለም፤ የተደፈነውን መክፈት ነው። በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ በካቴተር፣ የሚከፍቱ ማዕከሎች በአገራችን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በሁለት ሰዓት ውስጥ የማይደረስባቸው ከሆነ የረጋውን ደም በሚያሟማ መድኃኒት እዚያው መጀመር ይሻላል። እኛ ከተማ ውስጥ ስለነበርን ስልክ ደወልን፣ ተቀበሉን፣ አምቡላንስ መጣ። በተለመደው አለጣጠፍ የተነሡትን ሦስት የኢሲጂ ወረቀቶች ለልጃቸው ሰጠኋት። ማሽኑ የሚያትመው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ እሱም 40 ደቂቃ ወደ ኋላ የቀረ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ በእስክሪብቶ ጻፍኩበት፤ 2:08፣ 2:40፣ 3:37። ከላይ ደግሞ «ሕመሙ የጀመረው ከሌሊቱ 11፤ አስፕሪን 2:15»። ተቀባዩ ሐኪም መስመሮቹን ጎን ለጎን ሲያያቸው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ልጅቷ ደወለች። ቀኙ የልብ ደም ሥር ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ ነበር፤ ከፍተው ስቴንት፣ ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ፣ አስገብተዋል። ስልኩን ለእናቷ አቀበለቻቸው።

«ደኅና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ» አሉኝ። ድምፃቸው ደከም ብሏል። «ደረቴ ለቆኛል። ጨጓራዬ ግን አሁንም ያቃጥለኛል።»

ጨጓራውም እውነት ነበር። ከደም ማቅጠኛዎቹ ጋር አብሮ የጨጓራ መከላከያ ታዘዘላቸው።